ባለ አራት እግሯ መንኮራኩር

መክሊት መንኮራኩሯን መሥራት የጀመረችው ጠፈር ወድዳ አይደለም። ሰው ጨረቃ ላይ ወጥቶ መመለሱን ትምህርት ቤት ተምራው ነበር፤ ከፈተና በኋላ ግን ረስታዋለች። የጀመረችው ቀኝ እጇ አልታዘዝ ስላላት፣ ቤት ውስጥም ወንድሟ ጌታነህ ሲገባና ሲወጣ ዓይኗን የምታሳርፍበት ሌላ ነገር ስለፈለገች ነው።

ከአደጋው በፊት አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ባለ አንድ የግል ጥርስ ክሊኒክ ጓዳ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ ትሠራ ነበር። የታካሚውን ድድ ልክ በጀሶ ታወጣለች፣ ጥርሱን በሰም ላይ ትደረድራለች፣ ሮዙን አክሪሊክ ታፈሳለች፣ ትሞርዳለች፣ እስኪያብረቀርቅ ትወለውላለች። የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር አበጋዝ ምስጋና የማይቀናው ሰው ቢሆንም፣ እሷ የሠራችው ጥርስ «አመመኝ» ተብሎ እንደማይመለስ ያውቃል። አሁን ግን የእጇ አንጓ ተሰብሮ ከተጠገነ በኋላ አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ሲገናኙ ይንቀጠቀጣሉ። ዶክተሩ ጥቂት ጊዜ ጠብቆ በስልክ፣ «ሌላ ሰው መቅጠር ግድ ሆነብኝ» አላት። ንግግሩን ሳይጨርስ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

አደጋው የደረሰው ከአክስታቸው ልጅ ሠርግ፣ ከጨንቻ ሲመለሱ ነው። ጌታነህ ከላንቴ ገበሬዎች ሙዝ እየሰበሰበ በአይሱዙ ወደ አዲስ አበባ የሚጭን ነጋዴ ነው። ሞተር ሳይክል አለው፤ የጨንቻን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ እነዳዋለሁ ይላል። ያን ቀን አረቄ ሲገለብጥ ውሏል። መክሊት «ሚኒባስ ጠብቀን እንውረድ» ብትለው ሰው ፊት ሳቀባትና ከኋላው አስቀመጣት። ከዶርዜ በታች ያለው ቁልቁለት ላይ ጉም ወርዶ ነበር። ኩርባው ላይ ሞተሩ ተንሸራተተ፤ እሱን ሳሩ ላይ፣ እሷን ድንጋዩ ላይ ጣላቸው። እሱ ክርኑ ተላጠ፤ ሌላ የሆነው ነገር የለም። እሷ ገና ከማደንዘዣው ሳትነቃ ለእናታቸው፣ ለዘመድ አዝማዱና ለትራፊክ ፖሊሱ አንድ ቃል ተናገረ።

«ፈርታ ከኋላ ጎተተችኝ። መሪው ከእጄ ወጣ።»

ስትነቃ ወሬው ከተማውን አዳርሶ ነበር። ሊጠይቃት የመጣው ሁሉ የያዘውን ብርቱካን አስቀምጦ፣ «ሞተር ላይ እንዴት ሰው ይጎተታል፣ ልጄ?» ይላታል። «አልጎተትኩትም» ስትል፣ «እሺ፣ እሺ፣ ዋናው መትረፍሽ ነው» ብለው እንደ ሕፃን ያባብሏታል። እናቷ ወይዘሮ ሻሺቱም «ወንድምሽ ነው፣ ተዪው» ከማለት ሌላ ቃል አልነበራቸውም። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ቤቱን የያዘው ጌታነህ ነው። በዚያ ቤት ጌታነህ ዋሸ ብሎ መናገር ምሰሶውን እንደ መነቅነቅ ነበር።

እሷም ማናገሩን ተወች። ስሙን እንኳ አትጠራም። እሱም በእናታቸው በኩል ነው የሚያናግራት፤ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው «በይው» «በያት» ይባባላሉ።

ሆስፒታሉ ውስጥ እጇን የምታሠራት ባዩሽ የምትባል ፊዚዮቴራፒስት ናት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ለማንም የማታዝን የምትመስል ሴት። አንድ ቀን መክሊት የላስቲኩን ኳስ ወርውራ ግድግዳ አስመታችው።

«ኳስ መጭመቅ ሰልችቶሻል፣ አይደል?» አለች ባዩሽ።

«አሁን መጭመቅ የምፈልገው አንቺን ነው።»

«ጎሽ! ንዴት ካለሽ ሥራ አለኝ።» ከመደርደሪያው ላይ፣ ከፋሻው ክምር ሥር፣ አቧራ የጠጣ ካርቶን ጎትታ አወጣች። በበጎ ፈቃድ መጥቶ የነበረ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ሲሄድ ጥሎት የሄደ ነው፤ እስካሁን የከፈተው ሰው አልነበረም። ላዩ ላይ ጨረቃ ላይ ያረፈች ባለ አራት እግር የጠፈር መንኮራኩር ተሥላለች፤ ሆዷ ወርቃማ፣ ራሷ ግራጫ፣ ትልቅ ሸረሪት ትመስላለች። «ተገጣጥማ፣ ተለጥፋና ተቀብታ እንድትመጣልኝ። በቀኝ እጅሽ። በግራሽ ብትሠሪ አውቅብሻለሁ።»

«የልጅ መጫወቻ ነው እኮ።»

«ለልጅ አይሆንም፤ ክፍሎቹን አይተሻቸዋል? እንደ ጤፍ ናቸው።»

እውነቷን ነበር። መክሊት ካርቶኑን ቤት ወስዳ ሳሎን፣ መስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ ላይ ስትከፍተው ግራጫዎቹ የፕላስቲክ ክፍሎች ክፈፋቸው ላይ እንደ ፍሬ ተንጠልጥለው አገኘቻቸው። አንዳንዱ ከሩዝ ፍሬ ያንሳል። ከክፈፉ ቆርጦ ማውጣት፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ ማጣበቂያ በመርፌ ጫፍ ጠብ ማድረግ፣ ከዚያም እስኪይዝ ድረስ ሳይነቃነቁ መያዝ ነው። መያዙ ነበር የገደላት። ጣቶቿ መንቀጥቀጥ ሲጀምሩ የመንኮራኩሯ መሰላል ተጣመመ፣ ማጣበቂያው ዝርክርክ አለ፣ አንዷ ትንሽ አንቴና ከጠረጴዛው ሥር ጠፍታ ስትፈልጋት ዋለች። በጥርሷ መሃል ተሳደበች። ክፍሉን ነቅላ፣ ማጣበቂያውን ሞርዳ እንደገና ጀመረች።

የተዋት መስሏት የነበረው ሙያዋ በዚህ መሃል ተመለሰ። የሁለት ክፍል መጋጠሚያ ክፍተት ሲያሳይ ድድና ጥርስ መሃል እንዳለ ክፍተት አየችው፤ ጋራዥ ሄዳ የመኪና ስቱኮ ለመነችና ሞላችው፤ ሲደርቅ ልክ እንደ ጥርስ ሞረደችው። አንጓዋን የምታሳርፍበት የእንጨት ጉማጅ ጠረጴዛው ላይ ቸነከረች። በብርጭቆ ወረቀቱ ስትፍቅ ልቧ የሚፍቀው የጌታነህን ፊት ነበር። በዚያ ንዴት እጇ ይጸናል። ጥሩ ነገር አስባ የሠራችባቸው ቀናት ሁሉ ተበላሹባት።

ጌታነህ መጀመሪያ ሳቀ። ለምሳ ሲመጣ ጠረጴዛውን ዞሮ ያይና ለእናቱ፣ «ልጅሽ ጨረቃ ልትሄድ ነው። ስትሄድ ከኋላ እንዳትጎትት ንገሪያት» ይላል።

መክሊት ቀና አትልም። «ለልጅሽ ንገሪው፤ ይቺን ሹፌሯ ሰክሮ አይነዳትም» ትላለች።

«ኧረ በማርያም!» ይላሉ ወይዘሮ ሻሺቱ፣ የተቀቀለ የሽፈራው ቅጠል ያለበትን ሳህን በሁለቱ መሃል እያስቀመጡ። «አንድ ቀን እንኳ በሰላም ልብላ!»

ቀለም ሲጀመር ሳቁ ቀረ። ለእንዲህ ያለ ነገር የሚሆን ቀለም አርባ ምንጭ ውስጥ ስለማይሸጥ መክሊት ከጋራዡ የመኪና ቀለም በጠርሙስ ክዳን፣ ከሲቀላ ሰፈር ሱቅ ጥቁርና ብርማ የጥፍር ቀለም፣ ከቀለም ቤት ደግሞ ቲነር ሰብስባ ቀላቀለች። ለወርቃማው ሆድ ባዩሽ የቸኮሌት መጠቅለያ ሰጠቻት። መክሊት ወረቀቱን ጨምድዳ፣ መልሳ ዘርግታ፣ በምላጭ እየቆረጠች ለጠፈችው። የቲነሩ ሽታ ሳሎኑን ሞላው።

«ይሄን ሽታ ከዚህ ቤት አውጪልኝ በያት» አለ ጌታነህ። «ሙዜን ያበላሽብኛል።»

ሙዙ ከጓሮ ያለው ክፍል ውስጥ ነው የሚበስለው፤ ሽታውም እዚያ አይደርስም። መክሊት መስኮቱን ከፈተች እንጂ ጠረጴዛውን አላነሳችም። በማግስቱ ከሆስፒታል ስትመለስ፣ ቀለማቸው እንዲደርቅ ጋዜጣ ላይ ደርድራቸው የሄደችው አራቱ እግሮች ላይ ከነግንዱ የተቆረጠ ሙሉ የሙዝ ዘለላ ተጋድሞ አገኘች። ማስቀመጫ ቦታ ጠፍቶ አልነበረም፤ ወለሉ ሰፊ ነው፤ በረንዳውም ሰፊ ነው። ዘለላውን አነሳችው። የሙዙ ሙጫ ቀለሙን በልቶታል፤ አንዷ እግር ጎብጣለች።

ዘለላውን በሁለት እጇ አቅፋ ወጣችና ግቢው መሃል፣ ጭቃው ላይ ወረወረችው። ጌታነህ ከጓሮ ብቅ አለ።

«የሰው ንብረት ነው የጣልሽው!» ብሎ ጮኸ። ከአደጋው ወዲህ በቀጥታ ሲያናግራት የመጀመሪያው ነበር።

እሷ ወደ ቤት ገባች። የጭቃ እጇን ሰዓሊ ብሩሹን እንደሚጠርግ በጨርቅ ጠራርጋ ተቀመጠችና የጎበጠችውን እግር በሻማ ሙቀት ማቅናት ጀመረች። ጎረቤት በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ነበር። ወይዘሮ ሻሺቱ ሙዙን ከጭቃ እየለቀሙ አለቀሱ፤ ሲናደዱ እንደሚያደርጉት በአማርኛው ጀምረው በጋሞኛ ጨረሱት። በጋሞኛ ያሉት፣ እኔ ሳልሞት ሁለታችሁ አንዳችሁ አንዳችሁን ትገድላላችሁ፣ ነበር።

በዚያው ሳምንት ወይዘሮ ሻሺቱ ሽማግሌ ጠሩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጡ፤ ሦስት ናቸው። የሚመሯቸው አባ ዳልጮ የሚባሉ የዶርዜ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው የለበሱ፣ በዘመዱ ሁሉ ዘንድ የተፈሩ። በእጃቸው ገና ጤዛው ያልረገፈ የሚመስል እርጥብ ሳር ይዘዋል። በጋሞ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ የሚጋደል ሰው እንኳ ጦሩን ያስቀምጣል፤ እምቢ ማለት ጎሜ ነው፣ ቤት የሚያፈርስ፣ ልጅ የሚያስቀር ነውር። መክሊት ይህን ከጡት ጋር የጠባችው ነው።

ጌታነህ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። መክሊት በጠረጴዛዋ። መንኮራኩሯ ልታልቅ ትንሽ ነው የቀራት፤ በአራት እግሯ ቆማለች፤ የቀረው የመስኮቶቿን ዙሪያ በጥቁር መክበብ ብቻ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ተነስታ ሳመቻቸው፣ ወንበር አቀረበች፣ ከዚያ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

አባ ዳልጮ ሳሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ተንበረከኩ። ሁለቱም ተከተሏቸው።

«ልጄ» አሉ፣ «አንድ ማህፀን ናችሁ። እጅሽ ተሰበረ፤ አዘንን። ግን ወንድምሽ ጠላት ሆኖ አልሰበረሽም። ይሄን ሳር ተቀበይንና ቤቱ ይረፍ።»

«አባባ፣ ይነሱልኝ» አለች መክሊት። «እርስዎ እንዲንበረከኩልኝ አልፈልግም። ሳሩን ግን አልቀበልም።»

ወይዘሮ ሻሺቱ ደረታቸውን መቱ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ፊቱ ተለዋወጠ። «ሳር ይዘን ተንበርክከን እምቢ ያለን ሰው እስከ ዛሬ አላየንም» አለ። «ሴት ልጅ! ያውም ለገዛ ወንድሟ! ጎሜ አይደለም እንዴ?»

«ጎሜስ ዋሽቶ ዘመድ ፊት መቀመጥ ነው» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው። ያን ቀን የሆነውን ይናገር። እውነቱን ከተናገረ ሳሩን እኔ ራሴ ከእጃችሁ እወስዳለሁ።»

አባ ዳልጮ ወደ ጌታነህ ዞሩ። «ተናገር።»

«ተናግሬያለሁ እኮ፣ አባባ። ጎተተችኝ። ፈራች፣ ጎተተችኝ። ምን ልበል ሌላ?»

«በሳሩ ፊት ነው?»

ጌታነህ ሳሩን ሳያይ፣ «አዎ» አለ።

መክሊት ብሩሿን አነሳች። ጥቁሩ ቀለም ውስጥ ነከረችው፤ አንጓዋን እንጨቱ ላይ አሳረፈች፤ ትንሿን ባለ ሦስት ማዕዘን መስኮት መክበብ ጀመረች። ሽማግሌዎቹ ገና እንደተንበረከኩ ናቸው። ነውር መሆኑን ታውቀዋለች፤ አውቃ ነው ያደረገችው።

ጌታነህ ከበርጩማው ዘሎ ተነሳ። «አባቶች ተንበርክከው አሻንጉሊት ትቀቢያለሽ?» ብሎ መንኮራኩሯን ከጠረጴዛው ላይ አነሳት። የመስኮቱ ቀለም አውራ ጣቱ ላይ ተላከከ።

«አስቀምጣት» አለች።

«ባላስቀምጣትስ?»

«አስቀምጣት፣ ጌታነህ። ቀስ ብለህ አስቀምጣት።»

«ይሄው!» አለ፤ ድምፁ ተሰነጠቀ። «ይሄው፣ ስሟት! ያን ቀንም እንዲህ ነው ያደረገችኝ! ቀስ በል! አቁም! አውርደኝ! ከዶርዜ ጀምሮ በጆሮዬ! ሕፃን ነኝ እኔ? እልህ ውስጥ ከተተችኝ! አፏን ብትዘጋ ኖሮ መቼ እንደዚያ ነዳጅ እሰጠው ነበር!»

ወረወራት። መንኮራኩሯ ግድግዳውን መትታ ወደቀች። አንዷ እግር እስከ በሩ ተንከባለለች፤ ወርቃማው ሆዷ ተከፈተ።

ጌታነህ የተናገረውን የሰማው ከሁሉም መጨረሻ ነበር። እጁ ገና በአየር ላይ እንዳለ አባ ዳልጮን አያቸው።

«አውርደኝ አለችህ?» አሉ አባ ዳልጮ ቀስ ብለው።

«እሱ... አባባ፣ ያው ነው እኮ...»

«ያው አይደለም። አቁም፣ አውርደኝ እያለችህ በእልህ ነዳኸው። በሳሩ ፊት ግን ጎተተችኝ አልክ።»

ሽማግሌው ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። ከሳሩ ወለሉ ላይ የረገፈውን አንድ በአንድ ለቀሙ። «ይሄ ሳር ዛሬ እዚህ ቤት አያድርም» አሉ። «ይሄን ቃል የተናገርክበት ደጃፍ ሁሉ ሄደህ መልሰህ ታነሳዋለህ። እስከዚያ ካንተ ጋር ውሃ አንጠጣም።» ከዚያ ወደ መክሊት ዞሩ። እሷ ደግ ቃል ጠብቃ ነበር፤ አልሰጧትም። «አንቺም ሽማግሌ ተንበርክኮ ሳለ ብሩሽ ያነሳሽው ነውር ነው።»

«ነውር ነው» አለች መክሊት። «ያስቀጣኛል።»

«ያስቀጣሻል» አሉና ወጡ።

ጌታነህ ሸሚዙን እንኳ ሳይቀይር ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። መክሊት ወለሉ ላይ ተንበርክካ ስብርባሪውን ስትለቅም የእናቷ እግር ፊቷ ቆመ።

«ደስ አለሽ?»

«ምን አልኩ እኔ፣ እማ? እሱ ነው የተናገረው።»

«ስታደቢበት ኖረሽ፣ በነገር ስትወጊው ኖረሽ፣ በመጨረሻ በሽማግሌ ፊት አዋረድሽው!»

መክሊት ቀና ብላ እናቷን አየቻቸው። ፊታቸው ላይ ንዴት ነበር፤ መደነቅ ግን አልነበረም። ጌታነህ የተናገረውን ሲሰሙ ያልደነገጡት እሳቸው ብቻ እንደነበሩ ያን ጊዜ ገባት።

«ታውቂ ነበር» አለች።

ወይዘሮ ሻሺቱ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ሆስፒታል ሲመጣ አፉ አረቄ አረቄ ይሸት ነበር። ሲያወራም ዓይኔን አላየኝም። እናት ነኝ፤ እንዴት አላውቅም?»

«እና ዝም አልሽ።»

«እጅሽማ አንዴ ተሰብሯል! እውነቱ ቢወራ ይጠገናል? መንጃ ፈቃዱን ቢቀሙት፣ ሥራው ቢቆም ማን ያበላናል? አንቺ? በዚህ በላስቲክሽ?»

መክሊት ከወለሉ ተነሳች። ስብርባሪውን ካርቶኑ ውስጥ ጨመረች፣ ልብሷን በሻንጣ አጨቀች፣ ባጃጅ አስቁማ ወደ ሴቻ ወጣች። ባዩሽ በተከራየችበት ግቢ አንድ ክፍል ባዶ ነበር። እናቷ እስከ በር አልሸኟትም።

እዚያ ክፍል ውስጥ ፍራሽና ጠረጴዛ ብቻ ነበር። ካርቶኑን ሳትከፍት ሰነበተች። ስትከፍተው ሁለቱ እግሮች ከሥራቸው እንደተሰበሩ፣ ከሁለቱም አንዷ መሃሏ እንደደቀቀ አየች። ማጣበቂያ አይይዛቸውም፤ አዲስ እግር መሥራት ነበረባት። ለዚህ የሚሆነው ቀጭን ብረትና አክሪሊክ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው።

ክሊኒኩ በር ላይ ስትቆም እንግዳ ተቀባይዋ ደነገጠች። ዶክተር አበጋዝ ጓንቱን እያወለቀ ወጣ።

«መክሊት! እጅሽ ተሻለው?»

«ለእርስዎ አልተሻለም» አለች። «ትንሽ አክሪሊክና የጥርስ ማሠሪያ ሽቦ ነው የምፈልገው። እዚሁ ሠርቼ እሄዳለሁ።»

ዶክተሩ ከራሷ እስከ እግሯ አያት፤ ከዚያ በእጁ ወደ ጓዳው አመለከተ። የቀድሞ ወንበሯ ላይ የአዲሱ ሠራተኛ ጃኬት ተሰቅሏል፤ ሰውየው ግን ዕረፍት ላይ ነበር። ጃኬቱን አንስታ ጥግ ላይ ጣለችው። ሽቦውን በፒንሳ አጠፈች፤ አክሪሊኩን በጠብታ በጠብታ አለበሰችው፤ ሲጠነክር ሞረደችው። ጣቶቿ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ አልቆሙም። ግን መንቀጥቀጡ መቼ እንደሚመጣ አሁን ታውቃለች፤ ከመምጣቱ በፊት ትሠራለች፣ ሲመጣ እጇን አንስታ ትጠብቃለች፣ ሲያልፍ ትቀጥላለች። ዶክተሩ በሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ሁለተኛዋን እግር ስትጨርስ ከእጇ ወስዶ በመብራቱ ሥር አገላበጣት።

«ይሄ ሰውዬ ሦስት ጥርስ አስመልሶብኛል» አለ የአዲሱን ሠራተኛ ጃኬት እያየ። «ግማሽ ቀን መሥራት ትችያለሽ?»

«በስልክ ያባረረኝ ሰው በስልክ ይጥራኝ።»

ዶክተር አበጋዝ ቀልድ መስሎት ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን አይቶ ተወው። ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ስልኳ ጮኸ። እስኪበቃው ጠርቶ ሊቋረጥ ሲል አነሳችው።

«መክሊት? አበጋዝ ነኝ። ሰኞ ጠዋት ነይ» አለ፤ ድምፁ በስልኩም፣ በበሩም ይሰማ ነበር።

«አስብበታለሁ» ብላ ዘጋች። ሰኞ ሄደች።

መንኮራኩሯ እንደገና ቆመች። ሁለቱ አዳዲስ እግሮች ከነባሮቹ ሁለቱ ወፈር ይላሉ፤ ቀለሙን ብትደርብባቸውም ሮዙ አክሪሊክ በአንድ በኩል ይታያል። ባዩሽ አይታ፣ «ለሕክምና ክፍሉ ስጪኝ፣ እጁ ለተጎዳ ሰው አሳየዋለሁ» ብትላት፣ መክሊት፣ «የራሳቸውን ይሥሩ» አለቻት።

ጌታነህ የመጣው ክረምቱ ሲገባ ነው። በር ሲንኳኳ ከፈተች፤ ዝናብ መትቶታል፤ ጫማው በቀይ ጭቃ ተለውሷል። ግባ አላለችውም። እሱም መግቢያው ላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር እንደ ተማሪ ቆሞ ተናገረ።

«ጨንቻ አክስታችን ቤት ሄጃለሁ። ዶርዜ እነ አባ ዳልጮ ጋር ሄጃለሁ። እዚህ ያሉትንም ዘመዶች፣ ጎረቤቶቹንም። አልጎተተችኝም፣ ሰክሬ ነበር፣ አቁም ብላኛለች ብዬ ተናግሬያለሁ። አክስታችን ምራቋን ተፋችብኝ።»

«ደግ አደረገች።»

የፊቱን ዝናብ ጠረገ። «አንቺን ብዬ እንዳይመስልሽ። ሰው ሙዝ እንኳ አልሸጥልህም አለኝ። ሽማግሌ ያወገዘው ሰው ነህ እያለ።»

«እኔን ብለህ እንደሆነማ አልመሰለኝም።»

«በቃ ታዲያ? ምን ቀረ?»

«ትራፊክ ፖሊሱ።»

ፊቱ ነጣ። «መንጃ ፈቃዴን ይወስዱታል።»

«ይውሰዱት።»

«ከዚሁ የምትበላው እማም ናት እኮ! አንቺ ምን ዓይነት ሰው ነሽ?»

«የተናገርክበት ደጃፍ ሁሉ ነው የተባለው» አለች። «እኔ አንድም ደጃፍ አልጨመርኩም። ለእማ የሚበላ እኔም እልካለሁ፤ ሥራ ጀምሬያለሁ።» በሩንም ዘጋችው። ጌታነህ አንድ ስድብ ተሳደበ፣ ከዚያ ጭቃው ውስጥ እየተንቦጫረቀ ሄደ።

ትራፊክ ፖሊሱ ጋር ይሄዳል ብላ አላመነችም ነበር፤ ሄደ። ቃሉን ቀየረ፤ መንጃ ፈቃዱን ያዙበት። ሞተሩን ሸጠ፤ ላንቴ የሚመላለሰው አሁን ከአይሱዙ ሹፌር ጎን ተቀምጦ ነው። ይህን ሁሉ የሰማችው ከእናቷ ነው። ወይዘሮ ሻሺቱ በስልክ ያንን ከነገሯት በኋላ፣ «እንጀራውን በገዛ እጁ ነው የቆረሰው» አሉ፤ ሙገሳ ይሁን ወቀሳ መክሊት አልለየችውም። ለራሳቸው ዝምታ ግን ይቅርታ አላሏትም፤ እስከ ዛሬም አላሏትም።

ከመስቀል በፊት አባ ዳልጮ ተመልሰው መጡ። መክሊት እናቷ ቤት ሄዳ ሳሎኑ ውስጥ ከጌታነህ ትይዩ ተቀመጠች። መጀመሪያ የእሷ ቅጣት ተነገረ፤ ሦስቱን ሽማግሌዎች ጉልበት ስማ ይቅርታ ጠየቀች። ከዚያ ሳሩ ቀረበ። ቃሏን ሰጥታ ስለነበር ተነስታ በቀኝ እጇ ተቀበለችው። እጇ ተንቀጠቀጠ፤ ሳሩም አብሮ ተንቀጠቀጠ፤ ሁሉም አዩት። ጌታነህ ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ።

ቆጮና ጎመን ቀረበ። መክሊት ከአንድ ትሪ በላች፤ ከራሷ በኩል ብቻ። እናቷ «ዛሬ እዚሁ እደሪ፣ ክፍልሽን አጽድቼልሻለሁ» ቢሏት፣ «ነገ ጠዋት ጥርስ የሚጠብቀኝ ሰው አለ» አለች።

ስትወጣ ጌታነህ የግቢውን በር ያዘላት።

«እጅሽ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር» አለ።

«አይተህ አታውቅማ።»

«አሁን አየሁ።»

መክሊት ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ወደ አስፋልቱ ወጣች። «ደህና ሁን» አለችው ዞር ሳትል። እሱም የመለሰላት አንድ ነገር ነበር፤ በዚያ ሰዓት ያለፈ የጭነት መኪና ጩኸት ስለዋጠው አልሰማችውም፤ ምን አልክ ብላም አልጠየቀችውም።